የቦሊቪያን «የሞት መንገድ» በሳይክል መውረድ፦ ከዝግጅት እስከ መጨረሻዋ ኩርባ

ይህን መንገድ በደህና የወረዱ ሰዎች ስለ ገደሉ ያወራሉ። ወድቀው የተመለሱት ግን ስለ ፍሬን ነው የሚያወሩት። «እጄ ደንዝዞ ነበር»፣ «የፊቱን ድንገት ያዝኩት»፣ «ፎቶ ላነሳ ስል በተሳሳተው በኩል ወረድኩ»። ስህተቶቹ ይደጋገማሉ። ሁሉም ደግሞ አስቀድሞ መከላከል የሚቻሉ ናቸው። ይህን ዝርዝር መመሪያ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

መንገዱን በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ከላ ፓዝ ከተማ ወጣ ብሎ ላ ኩምብሬ ከሚባል የተራራ በር ይጀምራል። ከፍታው 4,650 ሜትር አካባቢ ነው። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኝ ዮሎሳ የምትባል መንደር ያበቃል። ርቀቱ ወደ 64 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የመጀመሪያው ክፍል አስፋልት ነው። «የሞት መንገድ» የሚባለው ራሱ፣ አሮጌው የዩንጋስ መንገድ፣ ደግሞ ፒስታ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ስፋቱ ከ3 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በፈረንጆቹ 2006 አዲሱ አስፋልት ስለተከፈተ አብዛኛው መኪና ወደዚያ ዞሯል። ቢሆንም አሮጌው መንገድ ባዶ አይደለም። የአካባቢው ሰዎች መኪኖችና የአስጎብኚዎች ሚኒባሶች አሁንም ይመላለሱበታል።

ደረጃ 1፦ ከጉዞው አንድ ወር በፊት ተለማመዱ

የሯጭ ጉልበት አያስፈልጋችሁም። መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ፔዳል የምትመቱበት ቦታ ጥቂት ነው። የሚያስፈልገው ሳይክሉን በፈለጋችሁበት ቦታ፣ ሳትደነግጡ ማቆም መቻል ነው። «ልጅ ሆኜ እነዳ ነበር» በቂ አይደለም።

መኪና የማይበዛበት ቁልቁለት ፈልጉና እነዚህን አራት ነገሮች ሥሩ።

1. ቆማችሁ ውረዱ። ከኮርቻው ትንሽ ተነሱ። ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ጉልበታችሁንና ክርናችሁን ለቀቅ አድርጋችሁ እጠፉ። ድንጋዩን የሚቀበለው ጉልበታችሁ እንጂ ወገባችሁ መሆን የለበትም።

2. ፍሬኑን በአንድ ወይም በሁለት ጣት ያዙ። የቀሩት ጣቶች መሪውን ይጨብጡ። በአራት ጣት ፍሬን የሚይዝ ሰው ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው ከእጁ ያመልጣል።

3. ፍጥነታችሁን ኩርባው ሳይጀምር ቀንሱ። ኩርባው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ፍሬኑን መልቀቅ እንጂ አዲስ መያዝ የለባችሁም። ይህን ብቻ በደንብ ብትለማመዱ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል።

4. በቀኝ በኩል መውረድን ልመዱ። ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። የሳይክል ካቴና በቀኝ በኩል ስለሆነ አብዛኞቻችን ሳናስበው በግራ ነው የምንወርደው። በዚህ መንገድ ላይ ግራው ገደል ነው። ሳይክሉን አቁማችሁ በቀኝ መውረድን ሃምሳ ጊዜ ደጋግሙት። እግራችሁ ራሱ አውቆት እስኪሄድ ድረስ።

አራተኛውን ያለ ምክንያት አላከረርኩትም። ከኛ ቡድን አንዲት ልጅ ለፎቶ አቆመችና እንደ ልማዷ በግራ እግሯ ወረደች። የረገጠችው ለምለም ሣር ነበር። ከሣሩ ሥር ግን አፈር አልነበረም፣ ሣሩ ከጠርዙ አልፎ አየር ላይ የተንጠለጠለ ነው። አስጎብኚው ከኋላ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ያዘና ጎተታት። ቀኑን ሙሉ ከዚያ የባሰ ነገር አላየሁም። የሆነው ደግሞ ሳይክሉ ቆሞ ሳለ ነው።

ደረጃ 2፦ ወቅት፣ ኢንሹራንስና ወረቀት

ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ደረቅ ወቅት ብትሄዱ ይሻላል። ችግሩ አቧራው ነው፣ እሱም በአንገት ልብስና በመነጽር ይቻላል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ዝናብ ነው። ጭቃ፣ ጉምና የመሬት መንሸራተት አለ። በዝናብ ወቅት መሄድ የግድ ከሆነባችሁ መርሐ ግብራችሁ ውስጥ አንድ ትርፍ ቀን ያዙ። ጠዋት ተነስታችሁ «ዛሬ አይሆንም» ማለት የምትችሉት ትርፍ ቀን ካላችሁ ብቻ ነው።

የጉዞ ኢንሹራንሳችሁን ቃል በቃል አንብቡት። ብዙ ውል «ሳይክል» ይላል፣ ዝቅ ብሎ ግን የተራራ ቁልቁለትን ያወጣዋል። አንዳንዱ የከፍታ ገደብም አለው። ለድርጅቱ ጻፉና ይህ ጉዞ የሚሸፈን መሆኑን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከገደል ማውጣትና ወደ ሆስፒታል ማጓጓዝ የተጻፈ መሆኑንም እዩ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። በሽታው ካለባቸው አገሮች የሚመጡ መንገደኞች ይጠየቃሉ፣ ኢትዮጵያም ከነዚህ ውስጥ ናት። መንገዱ የሚያበቃበት ቆላም ክትባቱ የሚመከርበት አካባቢ ነው። ክትባቱን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ውሰዱ።

ደረጃ 3፦ ለከፍታው ጊዜ ስጡት

ላ ፓዝ ራሷ 3,600 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከአውሮፕላን ወርዶ በማግስቱ ሳይክል ላይ መውጣት ትልቅ ስህተት ነው። ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ሌሊት እደሩ። «እኔ ደገኛ ነኝ፣ ከፍታ አይነካኝም» የሚል ሰው አውቃለሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ ራሱን ይዞ ተኝቷል። 2,400 ሜትር ላይ ማደግ ይረዳል፣ 4,650 ሜትር ግን ሌላ ነገር ነው።

በነዚህ ቀናት ውሃ ጠጡ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ አልኮል ተዉ። የኮካ ቅጠል ሻይ በየሆቴሉ አለ፣ ትንሽ ያነቃቃል። ነገር ግን መድኃኒት አይደለም። አሴታዞላማይድ የሚባለውን መድኃኒት መውሰድ ከፈለጋችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ካልተሳካስ? በጉዞው ዋዜማ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ካለባችሁ ቀኑን ቀይሩት። ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃታችሁ፣ ግራ ከተጋባችሁ፣ ወይም ቁጭ ብላችሁ እያላችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ በመኪና መውረድና ሐኪም ማግኘት አለባችሁ።

ደረጃ 4፦ አስጎብኚ ድርጅት ስትመርጡ

ላ ፓዝ ውስጥ ሳጋርናጋ ጎዳና ላይ ቢሮዎቹ ተደርድረዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ፎቶ ለጥፈዋል። ልዩነቱ ፎቶው ላይ አይታይም፣ ስለዚህ ጠይቁ።

- ሳይክሎቹ ከፊትም ከኋላም የሃይድሮሊክ ዲስክ ፍሬን አላቸው?
- የፍሬን ሸራ የሚፈትሸው ማን ነው? በየስንት ጊዜው?
- አስጎብኚዎቹ ስንት ናቸው? አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ የግድ ነው። ለሰባት ወይም ለስምንት ሰው አንድ ብቻ ከሆነ እኔ አልሄድም።
- ሚኒባሱ እስከ መጨረሻው ከኋላ ይከተላል?
- የነፍስ አድን ገመድ፣ ቃሬዛና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ይይዛሉ? «አዎ» ካሉ አሳዩኝ በሉ።
- የምንመለሰው በየትኛው መንገድ ነው? በአዲሱ አስፋልት መሆን አለበት።

ሳይክሉን ሳታዩ ሙሉ ክፍያ አትክፈሉ። ዋጋው ከሌሎቹ በጣም የወረደ ከሆነ ልዩነቱ የመጣው ከፍሬን ሸራ፣ ከጎማ ወይም ከአስጎብኚው ደመወዝ ነው። ሌላ የሚቀነስበት ቦታ የለም።

ለመንገዱ መግቢያ በቦሊቪያኖ ጥሬ ገንዘብ ይጠየቃል። ዋጋው ውስጥ ተካቶ እንደሆነ ወይም ለብቻ እንደሚከፈል ቀድማችሁ እወቁ። ዝርዝር ገንዘብ ያዙ።

ደረጃ 5፦ ሳይክሉን ራሳችሁ ፈትሹ

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙ ናቸው። አስጎብኚው ፈትሾታል ብለው ያምናሉ። ፈትሾት ይሆናል። ቢሆንም የሚወርደው እናንተን ተሸክሞ ነው። አሥር ደቂቃ ውሰዱ።

1. ፍሬን። ቆማችሁ ሁለቱንም አንድ በአንድ ጨምቁ። የፍሬን መያዣው ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ጠንክሮ መቆም አለበት። መሪውን እስኪነካ ከገባ አትቀበሉት። ደጋግማችሁ ስትጨምቁት እየጠነከረ ከመጣ ፍሬኑ አየር ይዟል ማለት ነው። አየር የያዘ ፍሬን ጠዋት ይሠራል፣ ሲሞቅ ይከዳል።

2. የትኛው የትኛው ነው? ሳይክሉን እየገፋችሁ የቀኙን ብቻ ያዙ። የፊቱ ቆመ ወይስ የኋላው? ከአገር አገር ይለያያል። ቤታችሁ ካለው ተቃራኒ ከሆነ ለራሳችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት። መጀመሪያ ላይ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ እጃችሁን አልምዱት።

3. የፍሬን ሸራ። ጎንበስ ብላችሁ ከዲስኩ ግራና ቀኝ ያለውን ሸራ እዩ። ብረቱ ላይ የቀረው ከአንድ ሚሊ ሜትር ካነሰ ይቀየር።

4. መሪ። የፊቱን ጎማ በጉልበታችሁ መሃል አጥብቃችሁ ይዛችሁ መሪውን ለማዞር ሞክሩ። ከዞረ ብሎኑ ላልቷል። ቀጥሎ የፊቱን ፍሬን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዙት። ቀጭ ቀጭ ካለ ለመካኒኩ ንገሩት።

5. ጎማ። ቸርኬዎቹ በደንብ መታሰራቸውን እዩ። ጎማው የተቆረጠ ቦታ እንዳለው በእጃችሁ ዳብሱ።

6. ኮርቻ። ከለመዳችሁት ዝቅ ይበል። ተቀምጣችሁ ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬት ይንኩ።

የሰጡኝ የመጀመሪያው ሳይክል የኋላ ፍሬኑ መሪውን ይነካ ነበር። ለመካኒኩ አሳየሁት። «ደህና ነው፣ ስትነዳው ይስተካከላል» አለኝ። ፍሬን እየተነዳ አይስተካከልም። ተከራከርኩና ሌላ አወረዱልኝ። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ አንድ ሁለት ሰውም ተቆጣ። እናንተም ያስቆጣችሁትን አስቆጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ጋ ነው።

ደረጃ 6፦ አለባበስ

ላይ ይበርዳል፣ ታች ይሞቃል። ስለዚህ ተደራራቢ ልበሱ። ከውስጥ ቶሎ የሚደርቅ ቀጭን ልብስ፣ ከላይ ሞቅ ያለ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ። ሚኒባሱ ከኋላ ስለሚከተል እየሞቃችሁ ስትሄዱ እያወለቃችሁ ስጡ።

ሄልሜቱ አገጭ የሚሸፍን ዓይነት ይሁን። አድርጋችሁት ጭንቅላታችሁን ነቅንቁ፣ ለብቻው ከተንቀሳቀሰ ሰፊ ነው። ጓንቱ ሙሉ ጣት ይሁን። እርጥብ ጓንት በብርድ ጣትን ያደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን አይሰማውም፤ ሁለተኛ ጥንድ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። የጉልበትና የክርን መከላከያ፣ መነጽር፣ ሶሉ ያልተሸራረፈ ስኒከር። የጫማ ማሰሪያውን ወደ ውስጥ ሸጉጡት፣ ካቴና ውስጥ እንዳይገባ።

ስልክ በእጅ አይያዝም። ቪዲዮ ከፈለጋችሁ ደረታችሁ ላይ ወይም ሄልሜታችሁ ላይ የሚታሰር ካሜራ ይሁን። የጆሮ ማዳመጫ ፈጽሞ አይሆንም፤ ከኋላ የሚመጣ ክላክስና የአስጎብኚው ፊሽካ መሰማት አለበት።

ደረጃ 7፦ ላ ኩምብሬ ላይ

ከላ ፓዝ የሚነሳው በጠዋት ነው። ቀለል ያለ ቁርስ ብሉ። እላይ ስትደርሱ አስጎብኚዎቹ ለፓቻማማ፣ ማለትም ለእናት ምድር፣ ትንሽ አልኮል መሬቱና ጎማው ላይ ያፈሳሉ። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ወግ ነው፣ አክብሩት። ለእናንተም ያቀርቡላችኋል። በጣም ጠንካራ ስለሆነ ከንፈራችሁን ነክታችሁ መልሱት፣ አትጠጡት። ማንም አይቀየማችሁም።

ከዚያ መመሪያ ይሰጣሉ። እዚህ ጋ ፎቶ ማንሳቱን ተዉና ስሙ። የእጅ ምልክቶቹን በቃላችሁ ያዙ። በስፓኒሽ እነዚህን አምስት ቃላት ብታውቁ ይጠቅማችኋል፦ «ፓሬ» ቁም፣ «ዴስፓሲዮ» ቀስ፣ «ፍሬኖ» ፍሬን፣ «ኢስኪዬርዳ» ግራ፣ «ዴሬቻ» ቀኝ።

ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ሜዳው ላይ አምስት ደቂቃ ንዱ። አሥር ጊዜ አቁሙ። የፊቱን ብቻ፣ የኋላውን ብቻ፣ ሁለቱንም። እጃችሁ ይህን ሳይክል ይወቀው። የማይመቻችሁ ነገር ካለ አሁን ተናገሩ።

ደረጃ 8፦ አስፋልቱ

ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለስላሳ ነው፣ ደስ ይላል። ሰው የሚሸወደውም እዚህ ነው። ፍጥነቱ ሳይታወቅ ይጨምራል፣ የጭነት መኪናና አውቶቡስም አለ።

በቀኝ ተጓዙ። በሁለት ሳይክል መካከል ቢያንስ የአንድ አውቶቡስ ርዝመት ተዉ። የጭነት መኪና ለመቅደም አትሞክሩ። አስጎብኚውን ፈጽሞ አትቅደሙ። ነፋሱ ዓይናችሁን ካስለቀሰው ፍጥነታችሁ ከዓይናችሁ በልጧል፣ ቀንሱ።

ኡንዱዋቪ ላይ የአደንዛዥ ዕፅ መቆጣጠሪያ ኬላ አለ። የፓስፖርት ቅጂ ቅርብ ቦታ ይሁን። ከዚያ በኋላ ዳገት ያለበት ክፍል ይመጣል። አብዛኞቹ ድርጅቶች በሚኒባስ ያሻግራሉ። እናንተም ተሳፈሩ። በዚያ ከፍታ ዳገት ለመውጣት የምታወጡት ጉልበት ከሰዓት በኋላ ለእጃችሁ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 9፦ ፒስታው

ከሚኒባሱ ስትወርዱ ሕጉ ይቀየራል። እስካሁን በቀኝ ነበራችሁ። አሁን በግራ ነው።

ምክንያቱን ካወቃችሁ አትረሱትም። የቦሊቪያ መኪና መሪ በግራ ነው። ወራጁ ሾፌር በግራ፣ በገደሉ በኩል ሲይዝ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ የውጪ ጎማው ጠርዙ ላይ የት እንደረገጠ ያያል። ቅድሚያም የወጪው ነው። ስለዚህ ከታች የሚመጣ መኪና ግድግዳውን ታክኮ ነው የሚመጣው። እናንተ በልማድ ወደ ቀኝ ብትገቡ ኩርባው ላይ ፊት ለፊት ትገናኛላችሁ።

በግራ ሂዱ ማለት ጠርዙ ላይ ሂዱ ማለት አይደለም። የመኪና ጎማ የረገጠውን ጠንካራ መስመር ያዙ። ከጠርዙ ቢያንስ አንድ ሜትር ራቁ። ሣር የለበሰ ጠርዝ አትመኑ።

ዓይናችሁን ከ10 እስከ 15 ሜትር ወደፊት ጣሉ። ሳይክል ዓይን ወዳየበት ይሄዳል። ገደሉን የሚያይ ሰው ሳያውቀው ወደ ገደሉ ያዘነብላል። ማየት ካማራችሁ አቁማችሁ እዩ። የማቆሚያ ቦታዎች ብዙ ናቸው።

*ፍሬን አያያዝ*

ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

አዲስ ሰው ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ሳይለቅ ይዞ ይወርዳል። ጥንቃቄ ይመስላል። ግን ሁለት ነገር ይበላሻል። ዲስኩ ይግላል፣ የፍሬኑ ጉልበት ይቀንሳል። ክንዳችሁም ይደነዝዛል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣታችሁ አልታዘዝ ይላል።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ቀጥ ባለው ቦታ ላይ ሁለቱንም በደንብ ይዛችሁ ፍጥነቱን ጣሉ። ከዚያ ልቀቁ። ሳይክሉ ትንሽ ይንከባለል። እንደገና ያዙ፣ ልቀቁ። በምትለቁበት ጊዜ ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ። ኩርባው ሲቃረብ ሳትገቡ በፊት ጨርሱ። ኩርባውን በለሰለሰ እጅ ዙሩት። ውጪኛው ፔዳል ወደታች ይሁንና ክብደታችሁ እሱ ላይ ይረፍ።

የፊቱ ፍሬን የበለጠ ያቆማል፣ በላላ ጠጠር ላይ ደግሞ የሚጥለውም እሱ ነው። ሁለቱንም አብራችሁ፣ በእርጋታ እየጨመራችሁ ያዙ። በድንጋጤ ጥርቅም አታድርጉ። ሲይዙ ዳሌ ወደኋላ፣ ተረከዝ ወደታች።

*ኮረኮንችና ውሃ*

ጥርስ በጥርስ የሆነ ኮረኮንች ላይ መሪውን አንቃችሁ አትያዙት። ሳይክሉ ከሥራችሁ ይደንስ። ትልቅ ድንጋይ መጥቶ መሸሽ ካልቻላችሁ ፍሬኑን ልቀቁና ቀጥ ብላችሁ እለፉበት።

መንገዱ ላይ የሚወርዱ ፏፏቴዎች አሉ፣ በሥራቸው ነው የምታልፉት። ከታች ያለው ድንጋይ ያንሸራትታል። ቀጥ ብላችሁ፣ ሳታዞሩ፣ ሳትፈሩ እለፉ። ከወጣችሁ በኋላ ፍሬኑን ለጥቂት ሜትር ለስለስ አድርጋችሁ ያዙት፣ ሸራው ይድረቅ። የረጠበ ፍሬን የመጀመሪያው ጭምቅ ላይ አይይዝም።

*መኪና ሲመጣ*

ፊሽካ ወይም ክላክስ ስትሰሙ አቁሙ። አስጎብኚው ያመለከታችሁ ቦታ ላይ ቁሙ። በቀኝ ውረዱ። ሳይክሉ በእናንተና በገደሉ መካከል ይሁን። ወደኋላ አትራመዱ፣ ለፎቶም ቢሆን። ጓደኛችሁ «ትንሽ ወደኋላ» ቢላችሁ እሱ ወደኋላ ይሂድ።

*መቅደም*

ከፊታችሁ ያለው ቀስ ካለ አይጠድፋችሁ። መቅደም ካለባችሁ መንገዱ በሚሰፋበት፣ ፊት ለፊቱ በሚታይበት ቦታ፣ በግድግዳው በኩል፣ ቀድማችሁ ጮክ ብላችሁ ተናግራችሁ ይሁን። በሰውና በገደል መካከል መግባት ፈጽሞ ክልክል ነው። ከኋላ የሚመጣ ካስቸገራችሁ ደግሞ አቁማችሁ አሳልፉት።

ደረጃ 10፦ ነገር ሲበላሽ

*የኋላው ጎማ ተንሸራተተ።* ፍሬኑን ይዛችሁ ስለቆለፋችሁት ነው። ለቅጽበት ልቀቁ፣ መልሳችሁ በለስላሳው ያዙ።

*የፊቱ ጎማ ተንሸራተተ።* የፊቱን ወዲያው ልቀቁ። መሪውን ቀጥ አድርጉ።

*የፍሬን መያዣው ላላ፣ ወይም የተቃጠለ ሽታ መጣ።* አቁሙ። «እስከሚቀጥለው ማረፊያ» አትበሉ። ለአስጎብኚው አሳዩ። ዲስኩን በእጅ አትንኩ፣ ያቃጥላል። ውሃም አታፍሱበት። ቀዝቅዞም ካልተመለሰ ሳይክሉ ይቀየር ወይም ሚኒባስ ውስጥ ግቡ።

*አንዱ ፍሬን ጨርሶ ተበላሸ።* ጩኹ፣ የፊቶቹ ይስሙ። የቀረውን ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ ያዙ። ሰውነታችሁን ዝቅ አድርጉ። ወደ ግድግዳው፣ ወደ ውስጠኛው የውሃ መውረጃ ቦይ ምሩት። መውደቅ ካልቀረ በግድግዳው በኩል ውደቁ። ጉልበት መላጥ ይድናል።

*ጉም ወረደ።* ከፊታችሁ ያለውን ሰው ጀርባ እስክታዩ ብቻ ቅረቡ፣ ከዚያ በላይ አትጠጉ። ሦስት ሜትር ካልታየ ቡድኑ ቆሞ ይጠብቅ።

*ጎማ ተነፈሰ።* በቀኝ ውረዱ፣ ሳይክሉን ወደ ግድግዳው አስጠጉ፣ የኋላውን አስጎብኚ ጠብቁ። ራሳችሁ አትፍቱት።

*ሰው ወደቀ።* ከኋላ ለሚመጡት እጅ አንሱ። የወደቀውን አታንሱት፣ ሄልሜቱንም አታውልቁ። አንገቱ ተጎድቶ ይሆናል። አስጎብኚው ይድረስ። ሰው ከጠርዝ በታች ከወደቀ ደግሞ እናንተ ለመውረድ አትሞክሩ፣ ለዚህ ነው ገመድ አለ ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁት።

*ፈራሁ።* ፍርሃት ሲይዝ እጅ ይጨመድዳል፣ እስትንፋስ ያጥራል፣ ዓይን ወደ ገደሉ ይሄዳል። አቁሙ፣ በቀኝ ውረዱ፣ ግድግዳውን ተደግፋችሁ አምስት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱ። ካልለቀቃችሁ ሚኒባስ ውስጥ ግቡ። ሚኒባሱ የሚከተለው ለዚህም ነው። ከቡድናችን ጎበዝ የሚባል አንድ ጎልማሳ መሃል ላይ ገብቶ ነበር። ከ20 ደቂቃ በኋላ ወጥቶ እስከ ታች ነዳ።

ደረጃ 11፦ የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች

ገደሉ እያነሰ፣ አየሩ እየሞቀ፣ ሙዝና ቡና መታየት ሲጀምር ሰው «አለቀ» ይላል። እጅ ግን በዚህ ሰዓት በጣም ደክሟል፣ ትኩረትም ተበትኗል። በየማረፊያው እጃችሁን አራግፉ፣ ውሃ ጠጡ። ሰው መሽቀዳደም ይጀምራል፣ አትግቡበት። ቆላው አቧራማ ስለሆነ ከፊታችሁ ያለው ሰው የሚያነሳው አቧራ ኩርባውን ይሸፍነዋል። ርቀታችሁን ጨምሩ።

ዮሎሳ ስትደርሱ ሳይክሉን ከማስረከባችሁ በፊት የነበረበትን ችግር ለመካኒኩ ንገሩ። ነገ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።

የነፍሳት መከላከያ ቅባት ወዲያው ተቀቡ። ትንንሾቹ ነፍሳት ሲነክሱ አይሰሙም፣ ማታ ነው የሚያሳክኩት። የደረቀ ልብስ ቀይሩ። ቢራው የሚመጣው ምሳና ውሃ ከገባ በኋላ ይሁን፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ 3,600 ሜትር ላይ ናችሁ፣ ከዚያ በፊትም ላ ኩምብሬን ታልፋላችሁ።

ሚኒባሱ ሲነሳ ሾፌሩን እዩት። እሱም ከጠዋት ጀምሮ ሲነዳ ነው የዋለው። ከደከመው እንዲያርፍ ጠይቁ። በአዲሱ አስፋልት መሄዱንም ከመነሳቱ በፊት አረጋግጡ። የመቀመጫ ቀበቶ ካለ እሰሩ።

ማታ አውራ ጣታችሁንና የእጅ አንጓችሁን አንቀሳቅሱ። ድካም ብቻ ከሆነ በሁለት ቀን ይለቃል። ካበጠ ወይም ጣታችሁ ደንዝዞ ካልተመለሰ በማግስቱ ላ ፓዝ ውስጥ ሐኪም አሳዩት። የኢንሹራንስ ጥያቄ ካላችሁም ደረሰኙን እዚያው ተቀበሉ።